የሐዋ ዳንቴል

ሻርጃ፣ ሰናያ አራት፣ ከሌሊቱ ሰባት፣
ነሐሴ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ የሚጣበቅበት፤
ወለሉን ውሃ አጠጣን፣ አቧራው እንዳይነሳ፣
ኮምፕሬሰሩ ሳለ፣ አቃሰተ፣ ትንፋሹን አነሳ።

ከፊታችን ፎርዷ፣ የሠላሳ ሁለት ልጅ፣
ጣሪያዋ በመጋዝ ዝቅ ያለ፣ ሞተሯ የወጣ ከደጅ፤
ኸልፋን በመርከብ ያስመጣት፣
እንደ ሙሽራ ሳይሆን እንደ ፈረስ የሚያያት።

የሚፈልገውን በጣቱ ይቆጥራል፦
«ነበልባል ይኑራት» ይላል፣ «ከአፍንጫዋ ይነሳል፤
ብልጭልጭ ይኑራት፣ የተፈጨ መስታወት የመሰለ፣
ከላዩ ከረሜላ ቀይ፣ እስከ አጥንቷ የዘለቀ፣ የበሰለ፤
በጎኗ ቀጭን መስመር፣ በጣሪያዋ ሌላ ነገር፣
ማንም ያልሠራው፣ ከዚህ እስከ ባሕር።»
«ሁሉንም ባንድ መኪና?» አልኩት። «ሁሉንም» አለኝ።
ያገኘውን ቅመም ሁሉ ድስት ውስጥ የሚጨምር ሰው ትዝ አለኝ።

እኔ ኮምቦልቻ ሳለሁ አይሱዙ ነበር የምቀባ፣
ከበስተኋላው ጥቅስ፣ ከጎኑ የሱፍ አበባ፤
«ቀስ ብለህ ንዳ» ብዬ ስጽፍ ሾፌሩ እየሳቀ፣
በማግስቱ ገደል አፋፍ ላይ ቀለሜ ተፋቀ።
ያኔ ነው ያወቅኩት፣ ጌጥ ከጌጥ እንደማይዋደድ፣
እንደ ጣውንት ባንድ ግቢ፣ አንዱ ለአንዱ መንገድ
ካልለቀቀ በቀር።

መጀመሪያ ጥቁር። ጥቁሩ ላይ ብር፣
ብሩ ላይ ብልጭልጩ፣ የደቀቀ የጨው ጠጠር፤
ከዚያ መጠበቅ። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት በውሃ፣
ጣት እስኪነጣ ማሸት፣ ከደጅ ሲያፏጭ በረሃ።
ሮዴል፣ የማኒላው ልጅ፣ በሽኮኮ ፀጉር ብሩሽ፣
ትንፋሹን ውጦ መስመር ይስባል፣ ሳይዛነፍ፣ ሳይሸሽ።

ቀረ ጣሪያው።
ሦስት ሌሊት አፈጠጥንበት፣ እሱም አፈጠጠብን፤
በላስቲክ እብነ በረድ ሞከርን፣ የታመመ ቆዳ መሰለን፤
የሻማ ጥላሸት ሞከርን፣ ባለቤቱ ሳያይ አጠፋን።

ሐዋ ይመር፣ የኸልፋን እናት ቤት የምትሠራ፣
ዓርብ መጣች፣ ሩዝ በትሪ ይዛ፣ ከሾፌሩ ጋራ።
ትሪው ላይ የተጣለው፣ በእጇ የሠራችው ዳንቴል፣
የሰባት ዓመት ሌሊት በኪሮሽ፣ እንቅልፏን የሚያህል።
ሮዴል አነሳው። ወደ አምፖሉ ያዘው። ዝም አለ።
ብርሃኑ በቀዳዳው አልፎ፣ ፊቱ ላይ አበባ ተከለ።

«ይበላሻል» አልኳት፣ «እንደ ቆርቆሮ ነው የሚደርቅ።»
«ይድረቅ» አለች ሐዋ። «ይድረቅ።
ይኼ ለራሴ ቤት ነበር። ቤቱ ግን እስካሁን የለም፤
ለሌለ ጠረጴዛ ከሚታጠፍ፣ ይውጣና ይየው ዓለም።»

ጣሪያው ላይ ዘረጋነው፣ ዳር ዳሩን በፕላስተር ያዝን፣
ቀዩን ነፋን፣ ስስ አድርገን፣ እንደ ትንፋሽ፤ ደገምን፣ ሠለስን።
ስናነሳው፣ እንደ ቁስል ፋሻ፣ ከጫፉ ጀምረን ቀስ፣
ከሥሩ ብሩ አበባ አውጥቶ ጠበቀን፣ ሳይደፈርስ።
ነበልባሉ ከፊት መጥቶ ዳንቴሉ ጫፍ ላይ ቆመ፣
ሊበላ የመጣ እሳት፣ በር ላይ ሆኖ ተሳለመ።
ጣውንቶቹ ታረቁ።

ኸልፋን መጣ። ዞራት። ዞራት። መነጽሩን አወለቀ።
«ይኼን የቆረጠው ማሽን ነው?» አለኝ። ሮዴል ሳቀ።
«ሴት ናት» አልኩ። «የት አገር?» «እናትህ ቤት።»
ስልኩ ጮኸ። ሰምቶ ይሁን ሳይሰማ፣ አላወቅንለት።

ክሊሩ ሳይደረብ፣ ማንም በማያይበት ስፍራ፣
ሮዴል ሁለት ፊደል ጻፈ፣ እኔ አየር ላይ በጣቴ ስመራ፤
ሐ ጠመመችበት። ዋ አማረችለት።

ዳንቴሉ ጋራዥ ውስጥ ሚስማር ላይ አለ፣ ቀይ፣ ግትር፣
ስነካው ይንኳኳል፤ አልጥለውም፣ ለምን እንደሆን አልናገር።

አሁን ዓርብ ማታ ስታልፍ ልጆች ስልክ ይደቅናሉ፣
«እሳቷን እዩ! እሳቷን!» ይላሉ።
ከመንገድ የሚታየው ጎን ነው። ጣሪያ የሚታየው ከላይ ነው፤
የሠራተኛዋ ክፍል ደግሞ ከሁሉ በላይ፣ ሰገነቱ ላይ ነው።